የሚፈታ ስፓይክ ምንድን ነው?

ሯጮቻችን «ስፓይክ» ሲሉ አንዳንዴ ጫማውን፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሶሉ ሥር የሾለችውን ጥርስ ማለታቸው ነው። እዚህ የማወራው ስለ ጥርሷ ነው፤ በተለይ በቁልፍ እየተፈታች ስለምትቀየረው።

አንዷን ፈትታችሁ መዳፋችሁ ላይ ብታስቀምጧት ከላይ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ አጭር አንገት አላት፤ ሶሉ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። መሃሏ ላይ ጎንና ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ቀለበት አለ፤ ቁልፉ የሚይዘው እሱን ነው። ከዚያ በታች ሹሏ ነው። ጫማው ውስጥ ደግሞ፣ ደረቁ የሶል ንጣፍ ውስጥ፣ የብረት ዳዶ ተቀብሯል። የዳዶው ከንፈር ሰፋ ተደርጎ የሚሠራው ሯጩ መሬቱን በገፋ ቁጥር ጫናው በሶሉ ላይ እንዲበተን ነው፤ ያለዚያ ጥርሷ እንደ ጠጠር እግር ትቆረቁራለች። ቀለበቱም ሶሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ ከሸክሙ ይካፈላል። ትንሽ ክፍተት ከቀረ ግን ሸክሙ ሁሉ ቀጭኑ አንገት ላይ ይወድቃል፤ ጥርሷ መወዛወዝ ትጀምራለች፣ እያደርም ዳዶውን ትበላዋለች።

የምትፈታው መሬቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊሊያም ፎስተር በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦልተን ከተማ ውስጥ ባለ ስፓይክ የሩጫ ጫማ ሲሠራ፣ የሚሮጠው በሣርና በከሰል አመድ ላይ ነበር፤ ጥርሱም ረጅም ነበር። በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ መሙ፣ ማለትም የስታዲየሙ መሮጫ፣ ሰው ሠራሽ ንጣፍ ሲሆን ረጅም ጥርስ ጥቅሙ ቀረ። በዚያው ዓመት ፑማ 68 ጥቃቅን መርፌ የተተከለበት ጫማ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከኦሊምፒኩ በፊት ታገደ፣ ጆን ካርሎስ በዚያ ጫማ በ200 ሜትር የሮጠው ፈጣን ሰዓትም በክብረ ወሰንነት አልጸደቀም።

ዛሬ በሰው ሠራሽ መም ላይ በአንድ ጫማ ከ11 ጥርስ በላይ አይፈቀድም፤ ከሶሉ የሚወጣው ርዝመትም ከ9 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። የመሙ ንጣፍ ራሱ 13 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ገደቡ ለመሙም ለሯጩም ይበጃል። ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ እስከ 12 ሚሊሜትር ይፈቀዳል፤ እነሱ የሚረግጡበት ቦታ ላይ ንጣፉ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። በእነዚህ ውድድሮች ተረከዝ ላይም ጥርስ ይተከላል፤ ተረከዝን መሬት ላይ ቸክለው የሚቆሙት እነሱ ናቸውና። ሯጭ ግን የሚገፋው በፊት እግሩ ስለሆነ ጥርሶቹ እዚያው ይሰበሰባሉ።

የሹሉም ቅርጽ ይለያያል። መርፌ የሚመስለው ንጣፉን ወግቶ ይገባል። ደረጃ ደረጃ ያለው፣ የገና ዛፍ የሚሉት፣ ሳይወጋ ተጭኖት ይለቀዋል፤ አንዳንድ ስታዲየሞች መርፌውን የሚከለክሉት መሙ እንዳይበሳሳ ነው። የፒራሚዱ ቅርጽ በሁለቱ መካከል ነው፤ አንድ ዓይነት ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ልጅ የምመክረው እሱን ነው።

ጃን ሜዳ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አገር አቋራጭ ሣርና አፈር፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ ነው፤ 12 ወይም 15 ሚሊሜትር የሚታሰረው ያኔ ነው። ጫማው ያው ሆኖ ማክሰኞ መም ላይ፣ እሑድ ጭቃ ላይ መሮጥ የሚቻለው ጥርሱ ስለሚቀየር ነው። የእግር ኳሱ ታኬታም በ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በበርን ዝናብ፣ ምዕራብ ጀርመኖችን የጠቀማቸው በዚሁ ብልሃት ነው።

ጠላቷ ዝገት ነው። እኔ አንድ ጫማ በዚህ አጥቻለሁ፤ ከጭቃ ውድድር መልስ ጥርሶቹን ሳልፈታ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ከሁለት ወር በኋላ ቁልፉን ሳዞር አብሯት የዞረው ዳዶው ነበር፤ ከሶሉ ተላቆ። ፒንሳም አላዳነውም። ስለዚህ ከጭቃ ስትመለሱ ፍቱ፣ ጉድጓዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ አንገቷን ቅባት ነካ አድርጉ። ስታስሩ መጀመሪያ በጣታችሁ አዙሩ፤ ቀጥ ብላ ካልገባች ቁልፍ አታስነኳት። ከማሟሟቂያ በኋላም አንዴ አጥብቋት።

ያገለገለ ጫማ ልትገዙ ከሆነ ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። ገልብጡትና እያንዳንዷን ፍቱ፤ አንዷ አልፈታም ካለች፣ ወይም ቀለበቷ ተበልቶ ቁልፉ የሚያዳልጥ ከሆነ፣ የላዩ ቆዳ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ተዉት።