የባሕር ማዶ ንግድና የአውሮፓ ነጋዴዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አውሮፓውያን በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ቅመም ፍለጋ ወደ ባሕር ማዶ ለምን ወጡ? በተለምዶ የሚሰጡትን መልሶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቅመም የተፈለገው የተበላሸ ሥጋን ሽታ ለመሸፈን ነው።» ከህንድ ማላባር ጠረፍ ተነሥቶ አውሮፓ የሚደርሰውን ውድ ቁንዶ በርበሬ መግዛት የሚችል ቤተሰብ ትኩስ ሥጋ መግዣ አያጣም ነበር። ቅመም የሚፈለገው ለጣዕም፣ ለመድኃኒትና ለማዕድ ክብር ነበር።

«ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1453 ቁስጥንጥንያን ሲይዙ የንግዱ መንገድ ተዘጋ።» ብዙዎቻችን የተማርነው ይህንን ቢሆንም የዘመኑ ቅደም ተከተል አይደግፈውም። ፖርቱጋሎች በሰሜን አፍሪካ ያለችውን የሴውታን ወደብ የያዙት በ1415 ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ደቡብ መውረድ የጀመሩትም ከቁስጥንጥንያ መውደቅ በፊት ነበር። የህንድ ቅመም ደግሞ በአብዛኛው በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ይገባ ስለነበር፣ የቬኒስ ነጋዴዎች ግብፅንና ሶርያን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ሥር ከነበሩት ከእስክንድርያና ከቤሩት መግዛታቸውን ቀጥለዋል። ኦቶማኖች ግብፅን የያዙት በ1517፣ ማለትም ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ደ ጋማ በማላባር ጠረፍ ያለችው ካሊከት ከደረሰ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። የፖርቱጋል ዋና ከተማ የሊዝበንን ሰዎች ያንገበገባቸው ጭነቱ በየወደቡ ቀረጥ እየተከፈለበት፣ በየነጋዴው እጅ ትርፍ እየተጨመረበት መጥቶ በመጨረሻ ቬኒስን ማበልጸጉ ነበር፤ ስለዚህም በቀጥታ ከምንጩ መግዛት ፈለጉ።

«ሃይማኖት ሽፋን ብቻ ነበር።» ለነጋዴው ትርፉ ይቀድም ይሆናል፤ መርከቡን የሚልከው ንጉሥ ግን ሁለቱን አይለያቸውም ነበር። የፖርቱጋል ንጉሥ በ1487 የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የቅመሙን ምንጭም፣ «ቄሱ ዮሐንስ» የተባለውን ክርስቲያን ንጉሥም እንዲያፈላልግ ታዝዞ ነበር። ካሊከትን አይቶ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ እንዲወጣ ስላልተፈቀደለት፣ በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያገኙት እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው።

«አውሮፓ ሸቀጧን የምትሸጥበት ገበያ ፈልጋ ነው።» ይህ ለኋለኛው የፋብሪካ ዘመን ይስማማ እንደሆነ እንጂ ለዚህኛው አይሠራም። ደ ጋማ በ1498 ለካሊከት ንጉሥ ያዘጋጀው ስጦታ ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ የመታጠቢያ ሳሕን፣ የኮራል ዶቃ፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ነበር። የንጉሡ ሹማምንት ይህን አይተው ሳቁ፤ ከመካ የሚመጣ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ እንደሚሰጥ ነገሩት። እስያ ከአውሮፓ አጥብቃ የምትፈልገው ጥሬ ብር (ማዕድኑን) ነበር፤ ከ1545 በኋላ በደቡብ አሜሪካ ካለው ከፖቶሲ ተራራ የተቆፈረው ብር ባይኖር ኖሮ ንግዱ በዚያ መጠን ባላደገም ነበር።

ብር ሲያጥር ወይም ዋጋ ሲወደድ መድፍ ይከተላል። ገውዝ የተባለው ቅመም በዚያን ጊዜ የሚበቅለው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ባሉት በባንዳ ደሴቶች ብቻ ነበር፤ በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያም በ1621 ደሴቶቹን ወርሮ አብዛኛውን ነዋሪ ከገደለ፣ በባርነት ከወሰደና ካባረረ በኋላ እርሻውን በባሪያ ጉልበት ለሚያለሙ የራሱ ሰዎች አከፋፈለ።