በብሉይ ኪዳን «ቃል ኪዳን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ይህን ጻፈ፦ ዘጸአት 23 ላይ ከከነዓን ሰዎች ጋር ቃል ኪዳን አታድርጉ ይላል፤ 2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ግን ከእነዚያው ሰዎች ጋር የተገባው ስለፈረሰ ሦስት ዓመት ረሃብ ይመጣል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ራሱን ያፈርሳል። መልስ የሰጡት ይባስ አናደዱኝ። «የብሉይ ኪዳን አምላክ ሰላም አይወድም፣ በአዲስ ኪዳን ነው የተለወጠው» ብለው አለፉት። ቃል ኪዳን ራሱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ወንድሜ፣ ቃል ኪዳን ወዳጅነት ማለት አይደለም። ሰላም ማለትም አይደለም። ኢያሱ 9፥15 ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተጻፉ ነው የሚምታቱብን። ቃል ኪዳን መሐላ ያለበት ውል ነው። መሐላ ደግሞ በአንድ ሰው ወይም በአንድ አምላክ ስም ነው የሚማለው። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ዋስ ያለበት ብድር አስብ። ተበዳሪው ቢክድ አበዳሪው የሚሄደው ዋሱ ቤት ነው። በጥንቱ ዓለም የመንግሥታት ውል ዋሶች አማልክት ነበሩ። የግብፁ ራምሴስ 2ኛና የኬጢያውያን ንጉሥ ሐቱሲሊ 3ኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1259 ገደማ ሲታረቁ፣ ከኬጢ ምድር ሺህ አማልክት ከግብፅም ሺህ አማልክት በምስክርነት ተጠርተዋል። (እነዚህ ኬጢያውያን ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር የነበሩት ናቸው፤ ለአብርሃም መቃብር ከሸጡት ኬጢያውያን ጋር አንድ ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ።)

አሁን ዘጸአት 23፥32ን መልሰህ አንብብ። ከእነርሱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአማልክቶቻቸውም ጋር ቃል ኪዳን አታድርግ ነው የሚለው። ሰው ይህችን ሐረግ ዘሎ ያነባታል። አማልክቶቻቸውን ዋስ አድርገህ አትፈርም ማለት ነው። ያዕቆብና አማቱ ላባ በገለዓድ ሲማማሉ ዘፍጥረት 31 ላይ የሆነውን እይ። ላባ የአብርሃምንም የናኮርንም አምላክ ይጠራል። ያዕቆብ ግን የማለው አባቱ ይስሐቅ በሚፈራው ብቻ ነው። ውሉን አልጠላም፣ የላባን ዋስ ግን አልተቀበለም። አብርሃምም ከጌራራ ንጉሥ ከአቢሜሌክ ጋር ቃል ኪዳን ሲያደርግ ማንም አልወቀሰውም፤ የማለው በእግዚአብሔር ነበርና።

ሁሉንም በዚህ ቁልፍ አልከፍትም። ሰሎሞንና የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ሲዋዋሉ በማን ስም እንደማሉ ጽሑፉ አይነግረንም። ዘዳግም 7 የጋብቻንም ጉዳይ ያነሳል። ኢሳይያስ 31 ላይ ግብፅን የሙጥኝ ያሉትን ሲገሥጽ ነገሩ በፈረስና በሠረገላ መታመን እንጂ መሐላ አይደለም። እነዚህን ሁሉ «ውል ክልክል ነው» በሚል አንድ ጆንያ መክተት ነው ስህተቱ።

የይሁዳን የመጨረሻ ንጉሥ ሴዴቅያስን ግን ተመልከት። ለባቢሎን ንጉሥ ለናቡከደነፆር በእግዚአብሔር ስም ማለ፤ ከዚያ ከዳውና ወደ ግብፅ ላከ። ሕዝቅኤል 17 ላይ እግዚአብሔር ስለዚህ ሲናገር «የናቡከደነፆር መሐላ» አይልም፤ የናቀው መሐላዬን ነው ይላል። የተዋረደው ዋሱ ነበር።

የገባዖን ጉዳይም ይኸው ነው። እዚያው ከነዓን ውስጥ የሚኖሩት ገባዖናውያን ያረጀ ጫማ አድርገው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣነው ብለው አታለሉ። እስራኤል እግዚአብሔርን ሳይጠይቅ ተዋዋለ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት መሆናቸው ታወቀ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አለቆቹ ግን በእስራኤል አምላክ በእግዚአብሔር ምለንላቸዋል፣ ልንነካቸው አንችልም አሉ። ምሳሌዬ እዚህ ጋ ይላላል፤ ዛሬ ተታለህ የፈረምከውን ውል ፍርድ ቤት ሊያፈርስልህ ይችላል። እነሱ ግን የአታላዩን ጥፋት በዋሱ ስም ላይ አልደፈደፉም። እንጨት ቆራጭ፣ ውኃ ቀጂ አድርገው አስቀሯቸው እንጂ አልገደሏቸውም።

ስለዚህ «አትዋዋል» እና «የማልከውን አታፍርስ» አይጋጩም። ልጅህን «ለዚህ ሰው ዋስ አትሁን» ብለህ ከልክለኸው እሱ ሄዶ ቢፈርም፣ ከዚያ በኋላ «ካድ» ትለዋለህ? ከብዙ ዘመን በኋላ ንጉሡ ሳኦል ያደረገው ይህንኑ ክህደት ነው፤ ገባዖናውያንን ገደለ። መጽሐፉ የሚለው ደግሞ በክፋት ሳይሆን ለእስራኤልና ለይሁዳ ቀንቶ ነው። «አታድርጉ» የሚለውን ጥቅስ ሳያውቀው አልቀረም። ዋሱ ማን እንደነበር ግን ረሳ። በዳዊት ዘመን ረሃቡ ሲመጣ ከሳኦል ዘር ሰባት ሰዎች ለገባዖናውያን ተሰጡ።