«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ»፦ ትርጉሙና የቀልድ ሙያ

ላይ ላዩን ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ጠጅ በብርሌ ሲጠጣ እንደሚያምርበት፣ ነገርም በምሳሌ ሲነገር ይጥማል። ቤት የሚመታው በ«ሌ» ነው፤ ግሥ የለውም። ግን ለምን ብርሌ ተመረጠ? ዋንጫስ ምን አጠፋ?

መልሱ ዕቃው ላይ ነው። ብርሌ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረዘም ያለና ጠባብ፣ እጀታ የሌለው ብርጭቆ ነው። የቀንድ ዋንጫ ጠጁን ይደብቃል፤ ብርሌ መልኩን እያሳየ አንገቱ ላይ ይመጥነዋል። እያዩት ባንዴ አይጨለጥም። ምሳሌም ነገሩን አይሸሽግም፣ አወራረዱን ያጠበዋል እንጂ። ቀልደኛ የሚኖረው በዚህ አንገት ነው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ አለቃ ገብረ ሐና አህያ የሚነዳ ገበሬ አግኝተው ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋላችሁ?» አሉት ይባላል። ሰውየው አንድ ነው። ለአንድ የተከበረ ሰው «ዋሉ» ይባላል፤ «ዋላችሁ» ግን የብዙ ነው፤ ሰላምታው አህያዋም ጋ ደረሰ ማለት ነው። ስድቡ ያለው «አችሁ» ላይ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ቀልድ ይሞታል፤ «ዩ» አንዱንም ብዙውንም ስለሚሸፍን ስንት ነፍስ ሰላም እንደተባለ አይለይም። «ሁለታችሁም» ተብሎ ቢጨመር ደግሞ አንገቱ ሰፋ። ፈረንሳይኛማ ይባስ፦ «ቩ» ለብዙም ለአክብሮትም ስለሆነ ገበሬው ተከበርኩ ብሎ ያልፋል።

በአማርኛም ቢሆን ሁሉም ቃል ለመድረክ አይሆንም። «ሽፍታ ወጣብኝ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ፍቺ አለው፤ «ፍ» ሲላላ ወንበዴ፣ ሲጠብቅ የቆዳ ሕመም። ጽሑፍ ላይ ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ መድረክ ላይ ግን አፍ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፣ በመረጠ ቅጽበትም ሌላው ጠፋ። በጽሑፍ ያሳቀ ቀልድ መድረክ ላይ ዝም የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መውጫው ሁለት ገጸ ባሕርያት ማቆም ነው፦ አንዱ አጥብቆ ይናገራል፣ ሌላው አላልቶ ይሰማል።

ለመድረክ የሚመቸው አነጋገሩ የማይለወጥ ቃል ነው። «ከፈለ» ገንዘብ ሰጠም፣ አካፈለም ነው፦

— ሂሳቡ ተከፈለ?
— አዎ፣ ለሦስት።

እዚህ ላይ «ለሦስት ተከፈለ» ብሎ መጨረስ ስሕተት ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ሳቁ «ለሦስት» ላይ ይፈነዳል፣ ትርፉ ግሥ ሳቁን ይቆርጠዋል። ተረቱ ራሱ ያለ ግሥ መቆሙን ልብ ይሏል። ሌላው የተለመደ ጥፋት ጥያቄውን ፈገግ ብሎ መጠየቅ ነው። ሰሙ (ላይ ላዩን ፍቺ) እንደ ተራ የሂሳብ ጥያቄ፣ በደረቅ ፊት ካልቀረበ ወርቁ (ድብቁ ፍቺ) ከተራው በፊት ይታያል።

ለዚህም «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት አለ። «ነቃ» ተሰነጠቀም፣ ከእንቅልፍ ተነሣም፣ ተንኮሉ ገባውም ነው (ተረቱ ራሱ ኅብር ቃል፣ ማለትም ከአንድ በላይ ፍቺ ያለው ቃል ተሸክሟል)። ታዳሚ ቀድሞ ከነቃ ማብራራት ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ሳያመነቱ ወደሚቀጥለው ቀልድ መሻገር ነው።