ጭር ያለ የካምፕ ቦታ ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ሶስት ሰዓት ነድቼ፣ ድንኳን ተክዬ፣ የሰው ድምፅ ሳልሰማ አንድ ሌሊት ልደር ያለ ሰው ገና ወሬውን ሲጀምር መካሪው ይበዛበታል። ከምክሩ ግማሹ ስህተት ነው፣ ስህተቱ ደግሞ ሁሌም በሙሉ ልብ የሚነገረው ነው። እኔም ብዙውን አምኜ፣ ነዳጅ አቃጥዬ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው የገባኝ፣ ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"ሰው የሌለበት ቦታ ከፈለግህ በጣም ርቀህ መንዳት አለብህ"

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። አንድ ጊዜ አምስት ሰዓት ሙሉ ነድተን "እዛ ማንም አይደርስም" የተባለ ቦታ ሄድን፣ ስንደርስ መኪና ማቆሚያ አጣን፣ ጀነሬተር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ነበር። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተስፋ ቆርጠን ከቤት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነድተን፣ መኪናውን አቁመን፣ አርባ ደቂቃ ዳገት በእግራችን ወጣን፣ ሁለት ሌሊት አድረን አንድ ሰው አላየንም። ሚስጥሩ ቀላል ነው፣ አብዛኛው ሰው መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ፍራሽ፣ ወንበር፣ ማቀዝቀዣ ምናምን ጭኖ የመጣ ሰው ያን ሁሉ ተሸክሞ ሁለት ኪሎሜትር አይሄድም። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ በእናንተና በመኪናው መንገድ መሀል አንድ ትንሽ የሚያሰለች ነገር ነው፣ ዳገት በሉት፣ ድልድይ የሌለው ጅረት በሉት፣ መሀሉ ላይ ምንም የሚያምር ነገር የሌለው ሜዳ በሉት።

ሒሳቡንም ብታዩት ያስገርማል። ከቤታችሁ ተነስታችሁ ማፕ ላይ የ50 ኪሎሜትር ክብ ብትሰሩ ውስጡ ወደ 7,850 ስኩዌር ኪሎሜትር አለ፣ ክቡን ወደ 100 ኪሎሜትር ስታሰፉት 31,400 ይሆናል፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ነው። መንገድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ከተማና እርሻም አለበት፣ ግን ከዛ ሁሉ መሬት ለአንድ ድንኳን የሚበቃ ቦታ ጠፋ ማለት ይከብዳል። ደግሞ ርቀትን በኪሎሜትር ሳይሆን በሰዓት አስቡ፣ አስፋልቱ ላይ 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ኮረኮንች ላይ 20 ቢሄድ ነው፣ የመጨረሻዋ 15 ኪሎሜትር ብቻዋን አንድ ሰዓት ልትበላ ትችላለች። ቀኑም ወሳኝ ነው፣ ያው ቦታ ማክሰኞ ማታ እና ቅዳሜ ማታ በጭራሽ አንድ ቦታ አይደለም።

"ኢንተርኔት ላይ ድብቅ ቦታ ብለህ ፈልግ"

አስር ሺህ ሰው ያነበበው ድብቅ ቦታ እንዴት ነው ድብቅ የሚሆነው? እንደዛ አይነት ዝርዝር ላይ ስም የወጣለትን ቦታ እኔ የምጠቀመው የት እንደማልሄድ ለማወቅ ነው፣ እሱም ጥቅም ነው።

ቦታ የሚገኘው ማፕ ላይ ነው፣ የኮንቱር መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ያለው ማፕ ላይ። መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲታዩ ቦታው ገደላማ ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ በተጠጋጉት መሀል ድንገት ራቅ ራቅ የሚሉበትን ነው፣ ማለትም ተራራው ጎን ላይ ያለች ትንሽ ደልዳላ። እንደዛ አይነቷ ከታች መንገድ ላይ ሆነህ አትታይም፣ ስለዚህ ማንም "እዛ ልውጣ" ብሎ አያስብም። 1፡50,000 በሆነ ማፕ ላይ 2 ሴንቲሜትር ማለት 1 ኪሎሜትር ነው፣ ከመንገዱ ያላትን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ትጨርሳላችሁ። ቀጥሎ ያችኑ ቦታ በሳተላይት ምስል እዩት፣ ጣሪያ አለ? የመኪና ጎማ የሄደበት ነጭ መስመር አለ? የእሳት ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል? ግን ምስሉን እንደ ዛሬ ፎቶ አትመኑት፣ የዓመታት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፣ አንዴ ለምለም ደን ብዬ የሄድኩበት ቦታ ጉቶ ብቻ ሆኖ ጠብቆኛል። በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር የተሰመረ ወንዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዝናብ ወቅት ብቻ ውሃ ያለው ነው፣ እሱን ተማምኖ ባዶ ጀሪካን ይዞ መሄድ ራስን መቅጣት ነው።

ከማፑ በላይ የሚያውቀው ግን እዛው አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። አቁማችሁ ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። "ካምፕ የት አለ?" አይደለም ጥያቄው፣ እሱን ከጠየቃችሁ ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት ነው የሚጠቁሟችሁ። "ይሄ መንገድ ወዴት ይወስዳል? ሲዘንብ ይዘጋል? መሬቱ የማነው?" በሉ።

"ምርጡ ቦታ ውሃ ዳር ነው"

ፎቶው ያምራል፣ አልክድም። ግን ለብቻ መሆን ለፈለገ ሰው ውሃ ዳር የመጨረሻው ምርጫ ነው፣ ምክንያቱም የሚመጣው ሁሉ ቀጥታ ወደ ውሃው ነው የሚሄደው። ማታ ላይ ደግሞ ከውሃው በላይ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ከላይ ያለው ሞቅ እንዳለ ይቀራል፣ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ታጥፎ ይመለሳል፣ ስለዚህ ከሀይቁ ማዶ ያሉ ሰዎች የሚያወሩትን ቃል በቃል ትሰማላችሁ፣ እነሱም እናንተን። ከአንድ ትንሽ ተረተር ጀርባ ብትገቡ ግን በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ሌላ ዓለም ነው። አይንም ጆሮም የሚከልለው መሬቱ ነው፣ ኪሎሜትሩ አይደለም።

ቅዝቃዜውም ሌላ ጣጣ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከዳገቱ እየወረደ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፣ ጤዛው ድንኳኑን ያረጥበዋል፣ ጠዋት ስሊፒንግ ባጉ ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ከወንዙ ሠላሳ አርባ ሜትር ከፍ ማለት ብቻ በግልፅ የሚሰማ ልዩነት አለው። ወባ ትንኝም አለች፣ ለመጠጣት የሚመጣ እንስሳም አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ደረቅ ወንዝ ውስጥ ያለው ለስላሳ አሸዋ ነው፣ ለጥ ያለ ስለሆነ ይጣራል፣ ደራሽ ጎርፍ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ጠብ ሳይል ከላይ ሩቅ ቦታ በዘነበ ዝናብ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት እየቆጠራችሁ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ዳርና ዳር ያሉ ቁጥቋጦዎች ላይ የተንጠለጠለ ገለባና እንጨት ካያችሁ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ እየነገራችሁ ነው።

የተለመደው ደንብ ከውሃ 60 ሜትር ያህል መራቅ ነው፣ ሄዶ መቅዳት ይቻላል እኮ። "ጥርት ያለ የተራራ ውሃ ነው፣ ምንም አይልም" የሚለውንም እዚሁ ልዝጋው፣ ጂያርዲያ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ጥቃቅን ተውሳክ በአይን አይታይም። አፍልታችሁ 1 ደቂቃ አንተክትኩት፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ።

"ሰው ከሌለበት የማንም አይደለም"

የማንም ያልሆነ መሬት ብዙም የለም። የመንግስት ይሆናል፣ የግለሰብ ይሆናል፣ ጥብቅ ደን ይሆናል፣ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ያው ዛፍ ነው። ህጉም እንደየሀገሩ ሰማይና ምድር ነው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ባለው ህግ ባልታረሰ መሬት ላይ ሳያስፈቅዱ ማደር ይቻላል፣ ከሰው ቤት ግን 150 ሜትር መራቅ ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌደራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በያዘው መሬት አብዛኛው ላይ አንድ ቦታ እስከ 14 ቀን መቆየት ይፈቀዳል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ቦታ ላይ የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ሌላ ሀገር ያደረገውን ሰምታችሁ ተነስታችሁ አትሂዱ፣ አካባቢውን ለሚያስተዳድረው ቢሮ አንድ ስልክ መደወል ሌሊት በባትሪ ከመቀስቀስ ያድናል። ስትደውሉ እሳት ማንደድ መፈቀዱንም ለብቻው ጠይቁ፣ ማደር ተፈቅዶ እሳት የሚከለከልበት ወቅት አለ።

"ፎር ዊል ድራይቭ ከሌለህ አትችልም"

ፎር ዊል ድራይቭ ያለው ሰውም መኪናው ጭቃ ውስጥ ይያዝበታል፣ ግን ራቅ ብሎ ሄዶ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ነው። መጥፎ የመሰላችሁን መንገድ መጀመሪያ ወርዳችሁ በእግር ሂዱበት፣ ካልተመቻችሁ እዛው አቁማችሁ ቀሪውን መራመድ ነው፣ ቅድም እንዳልኩት መራመዱ ነው ራሱ ሰው የሚቀንሰው። ቅዳሜ ደረቅ የነበረ የሸክላ አፈር እሁድ ከዘነበ ሳሙና ይሆናል፣ ስለዚህ ትንበያውን የመሄጃውን ቀን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም እዩ። እና ደረቅ ረጅም ሳር ላይ አታቁሙ፣ ከመኪናው ስር ያለው የጭስ ማውጫ ሙቀት ሳሩን ሊያቀጣጥለው ይችላል።

"ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሰራም" እና "ስልኬ አለ፣ ምን ይመጣል"

ሁለቱም ስህተት ናቸው፣ የሚገርመው አንድ ሰው ሁለቱንም ሲል መስማቴ ነው። የስልካችሁ ጂፒኤስ ወደ 20,000 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል እንጂ ከኔትወርክ ጋር ጉዳይ የለውም። የሚጠፋው ማፑ ነው፣ ስለዚህ ቤት እያላችሁ ኦፍላይን ማፕ አውርዱ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስልክ ሲፈልግ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ አብዛኛው ስልክ ላይ ጂፒኤሱ እንደዛም ሆኖ ይሰራል። ለሁለተኛው ደግሞ መልሱ ቤት ያለ ሰው ነው፣ የት እንደምታድሩ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ፣ እና ከስንት ሰዓት በኋላ እንዲደነግጥ ፅፋችሁ ስጡት። ሶስተኛዋን ሰው ይረሳታል፣ ዋናዋ ግን እሷ ናት።

"ጭር ያለ ቦታ አውሬ ይበላሃል"

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት አንዲት አይጥ ደረቅ ቅጠል ላይ ስትሄድ ዝሆን መስላኝ አላስተኛችኝም። የእንስሳውን ነገር እንደየአካባቢው መጠየቅና ምግብን ድንኳን ውስጥ አለማሳደር ያስፈልጋል። ግን ሰው የማያወራላቸው አደጋዎች ይበልጣሉ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ መኖሩን እዩ፣ ነፋስ ሳይኖርም ይወድቃል። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ወይም ምድጃ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚገድለው። ብርዱንም አትናቁት፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፣ ከተማ ውስጥ በቲሸርት የዋለ ሰው ተራራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከሰው አንፃር ካያችሁት ደግሞ እኔ የምፈራው መንገድ ዳር ያለውን፣ ማታ ማታ መኪና እየመጣ ሙዚቃ የሚከፈትበትን ቦታ ነው።

"ስንደርስ ቦታ አይጠፋም"

በጨለማ የተመረጠ ቦታ ጠዋት ሲታይ ወይ የጉንዳን መንገድ ነው ወይ የሰው ግቢ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አሁንም ይሰራል፣ ለ5 ኪሎሜትር አንድ ሰዓት፣ ከዛ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ። 3 ኪሎሜትር ሆኖ 300 ሜትር የሚወጣ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ከባድ ሻንጣ ካለ ደግሞ ሌላ ጨምሩበት። ብርሃኑ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ እጃችሁን ዘርግታችሁ በፀሐይና በአድማሱ መሀል ስንት ጣት እንደሚገባ ቁጠሩ፣ አንድ ጣት በግምት 15 ደቂቃ ነው። ሁለተኛና ሶስተኛ ቦታም ማፑ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ተይዞ የሚገኝበት ቀን አለ።

"ለአንድ ጓደኛ ብቻ ብነግረውስ?"

ቦታ ሁለት ነገር ያጋልጠዋል። አንዱ የምንተወው ምልክት ነው፣ ጥቁር የእሳት ቦታና የድንጋይ ክብ ለሚቀጥለው ሰው "እዚህ እደር" የሚል ታፔላ ነው፣ የፍራፍሬ ልጣጭም "ይበሰብሳል" ተብሎ ይጣልና ለወራት እዛው ይታያል። መፀዳጃም ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ፣ ተደፍኖ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ነው፣ ሎኬሽን ከበራ ስልኩ የተነሳበትን ቦታ ፎቶው ውስጥ ይፅፈዋል፣ ኦሪጅናሉን ፋይል ስትልኩ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ያቺ አርባ ደቂቃ ዳገት ያልኳችሁ ቦታ፣ ፎቶዋን ለአንድ ጓደኛዬ ልኬ ነበር። በሁለተኛው ወር ስመለስ ሶስት የእሳት ቦታ እና አንድ የተሰበረ ወንበር ጠበቀኝ። ወንበሩን እስከ መኪናው ድረስ ተሸክሜ አወረድኩት፣ አሁን እንደገና ማፕ ላይ ነኝ።