ቆሞ የሚቆይ መኪናና አይጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለቤቱ ውጭ አገር ሲሄድ ወይም መለዋወጫ እስኪገኝ ለወራት ግቢ ውስጥ የሚቆም መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት አይደለም። እነዚህን መኪኖች ከአይጥ ለመጠበቅ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው አይጧን በጠረን ወይም በድምፅ ስለማባረር ሲሆን፣ መግቢያዋንና ምግቧን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

«መስኮቱ ተዘግቶ ሸራ ከለበሰ አይጥ አይገባም» የሚለው እምነት ቀዳሚው ነው። የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ሾልካ ታልፋለች፤ መኪና ደግሞ ከሥሩ ክፍት ነው። ጎማውን ተንጠላጥላ ሞተሩ ጋ ትደርሳለች፣ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ በኩልም ወደ ማራገቢያው ትዘልቃለች፤ የአየር ፊልትሮውን ቦጫጭቃ ጎጆ የምትሠራበት ጊዜም አለ። ሸራው ጨለማና መጠለያ ስለሚሰጣት፣ በተለይ ደረቅ ቦታ በምትፈልግበት በክረምት፣ እንዲያውም ያግዛታል። የሚሻለው የአየር ማስገቢያዎቹንና የማርሚታውን ጫፍ በወንፊት ሽቦ መድፈን ነው፤ ሽቦው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መውጣት ስላለበት ማስታወሻ ጽፎ መሪው ላይ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። የጤፍ ጆንያና የዶሮ መኖ መኪናው ባለበት ክፍል እየተቀመጠ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

አይጥ ሽቦ የምትበላው የአዳዲስ መኪኖች ሽቦ ሽፋን ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው የሚባለው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በቶዮታ ላይ ክስ እስከማስመሥረት ደርሷል። ይሁንና የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግና ስለምታኝክ፣ ከነዳጅ ውጤት የተሠራ ሽፋን ያለው የድሮ መኪና ሽቦም አይተርፍም። ሆንዳ በርበሬን እንዲያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተቀባበት የሽቦ መጠቅለያ ቴፕ ያቀርባል፤ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ግን የተጠቀለለውን ሽቦ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ናፍታሊን መበተን ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ክፍት በሆነ የሞተር ክፍል ውስጥ ሽታው ይበተናል፤ መቀመጫው ሥር ሲደረግ ደግሞ ከጨርቁ አልወጣ የሚል ከመሆኑም በላይ ትነቱ ለተሳፋሪ ጎጂ ነው። ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ የሚያወጡትን መሣሪያዎች በተመለከተ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ማስታወቂያቸው በሳይንስ መደገፍ እንዳለበት ከ60 በላይ አምራቾችንና ሻጮችን አስጠንቅቋል። አይጦቹ ድምፁን ይለምዱታል።

«በሳምንት አንዴ አስነስቶ ማጥፋት ይበቃል» የሚሉም አሉ። ጫጫታው ለጊዜው ያሸሻታል፤ ሲጠፋ ግን ለብ ያለ ሞተር ይጠብቃታል፤ የአጭር ጊዜ ማስነሳት ባትሪውንም በቅጡ አይሞላም። ዘበኛው ኮፈኑን ከፍቶ በየጥቂት ቀኑ ቢያይ የበለጠ ይጠቅማል፤ በተቻለ ቦታ ኮፈኑን ክፍት አድርጎ መተው የምትወደውን ጨለማ ያሳጣታል።

መርዝ ፈጣኑ መፍትሔ ይመስላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የተለመዱት መርዞች ግን የሚገድሉት ከቀናት በኋላ ነውና አይጧ የአየር ማስተላለፊያው ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ የበላቻት ድመትም ትጎዳለች። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ወጥመድ፣ ቅቤው ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ አይጥ ግድግዳ ታክካ ነውና የምትሄደው።

በመጨረሻም፣ የተገኘን ኩስና ጎጆ በደረቁ መጥረግ ትክክል አይደለም፤ አቧራው እንደ ሃንታ ቫይረስ ያሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ፣ ጓንት ማድረግ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ማርጠብና ከአምስት ደቂቃ በኋላ በወረቀት ማንሳት ይገባል።