ስለ ባለ ደርዝ አጌት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰሜን ሸዋ የመዘዞ ኦፓል ከታወቀ ወዲህ፣ ተሰንጥቆ ውስጡ ቀለም የታየበትን ድንጋይ ሁሉ ኦፓል ማለት ይቀናናል። በዚህ ምክንያት ባለ ደርዙ አጌት፣ ማለትም ውስጡ በንብርብር መስመሮች የተሠራው ድንጋይ፣ የራሱ ጠባይና ጥቅም እያለው በሌላ ስም ይገመታል፤ ይህም ሻጩንም ገዢውንም ይጎዳል።

«አጌት የኦፓል ዓይነት ነው»

ሁለቱም ከሲሊካ (ከሲሊኮንና ከኦክስጅን ውህድ) የተገኙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። አጌት በዓይን የማይለዩ የኳርትዝ (የክሪስታል ቅርጽ ያለው ሲሊካ) ቃጫዎች ተጠላልፈው የሠሩት ድንጋይ ሲሆን፣ ኦፓል ግን የክሪስታል ቅርጽ የሌለውና በውስጡ ውኃ የያዘ ነው። ብዙዎች መስታወት በመጫር ሊለዩአቸው ይሞክራሉ። ይሁን እንጂ የማዕድናትን ጥንካሬ በሚያነጻጽረው የሞህስ መለኪያ የአጌት ጥንካሬ ከ6.5 እስከ 7፣ የኦፓል ደግሞ ከ5.5 እስከ 6.5፣ የመስታወት 5.5 ገደማ ስለሆነ፣ ኦፓልም መስታወት ሊጭር ይችላል። የሚሻለው ሚዛን ነው፤ በዙሪያው ካቀፈው ድንጋይ የጸዳ 26 ግራም አጌት በክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሲመዘን ወደ 16 ግራም ሲወርድ፣ እኩል ክብደት ያለው ኦፓል ግን ወደ 13 ግራም ይወርዳል።

«ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የወጣ ነው፤ ደርዙም ዕድሜውን ይናገራል»

ቀልጦ የወጣው አጌቱ ሳይሆን አቃፊው ድንጋይ ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ የጋዝ አረፋዎች ክፍተት ትተው ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሲሊካ የሟሟበት ውኃ በድንጋዩ ውስጥ እየሰረገ ክፍተቱን ከግድግዳው ወደ መሀል በደርዝ በደርዝ ይሞላዋል። መሀሉ ሳይሞላ ከቀረ ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቁ የኳርትዝ ክሪስታሎች ይበቅሉበታል። ደርዞቹ በየዓመቱ የሚጨመሩ ስላልሆኑ እንደ ዛፍ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ ማውጣት አይቻልም።

«ደማቅ ቀለሙ ሁሉ የተፈጥሮ ነው»

ግራጫው፣ ነጩ፣ በብረት ኦክሳይድ የመጣው ቀይና ቡናማ ተፈጥሯዊ ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ የሚታየው ኃይለኛ ሰማያዊና ሮዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተነከረ ነው። በጀርመን ኢዳር ኦበርሽታይን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህ ሙያ በሰፊው ተሠርቶበታል፤ ጥቁሩን ለማግኘት ድንጋዩን በስኳር ውኃ ዘፍዝፈው፣ ውስጡ የገባውን ስኳር በሰልፈሪክ አሲድ ያከስሉታል። ቀለሙን ቀዳዳማዎቹ ደርዞች ወደ ውስጥ ሲስቡት ጥቅጥቆቹ ስለማይቀበሉት ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ማቅለም በራሱ ነውር አይደለም፤ ለገዢው አለመናገር ግን ማታለል ነው።

«ከዶቃና ከቀለበት አያልፍም»

በቤተ ሙከራ ናሙና የሚፈጭበት ሙቀጫና ዘነዘና ከአጌት ይሠራል፤ ጽኑ በመሆኑ ከራሱ ተፍቆ ወደ ናሙናው የሚቀላቀለው እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኞቹን አሲዶች ይቋቋማል፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ግን ስለሚበላው በዚያ አይታጠብም።