ሌክቸርን ወደ ጽሑፍ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ሲዘጉ፣ ብዙ መምህራን በእጃችን የነበረውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ለቀቅን። ጊዜው አስገድዶን ነው። ያኔ የለመድነው አሠራር ግን ዛሬም የኦንላይን ኮርስ ስናዘጋጅ አልለቀቀንም።

«ሌክቸሩን ቀድቶ እንዳለ መጻፍ ይበቃል»

አይበቃም። የአካውንቲንግ መምህር ዲፕሪሲዬሽን፣ ማለትም የእርጅና ቅናሽ ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ 60,000 ይጽፋል፤ ከሥሩ 10,000። ከዚያ በጠመኔው እየጠቆመ «ይሄን ከዚህ ቀንሰን ለ5 ስናካፍለው ይሄ ይመጣል» ይላል። ክፍል ውስጥ ላለው ግልጽ ነው። ወረቀት ላይ ግን «ይሄ» የቱ ነው? ጠመኔው የለማ!

እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ማሽኑ የተገዛው በ60,000 ብር ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ቢሸጥ 10,000 ብር ያወጣል ተብሎ ይገመታል። ልዩነቱ 50,000 ብር ለ5 ሲካፈል፣ የየዓመቱ ቅናሽ 10,000 ብር ይሆናል።»

እዚህ ጋ አንድ ተማሪ እጁን ማውጣቱ አይቀርም፦ «ሁለቱ 10,000 አንድ ናቸው?» አይደሉም። አንዱ የማሽኑ መሸጫ ግምት ነው፤ ሌላው የዓመቱ ቅናሽ። ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ይህ ጥያቄ ከነመልሱ ጽሑፉ ውስጥ መግባት አለበት። ማታ ከሥራ ገብቶ ብቻውን የሚያነብ ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ለኔ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፦ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች አስታውሶ በየቦታቸው ማስገባት።

«ስላይዱን ፒዲኤፍ አድርጎ መላክም ያው ነው»

ስላይድ የመምህሩ ማስታወሻ ነው። «የቅናሽ ስሌት ዘዴዎች» የሚል አንድ መስመር ለሚያስረዳው ይበቃዋል፤ ለሚያነበው ግን ምንም አይነግረውም። በዚያ ላይ በኤ4 ልክ የተሠራ ፒዲኤፍ ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጤፍ ያክላል። ተማሪው በየመስመሩ ግራና ቀኝ ሲገፋ ሐሳቡ ይበተንበታል።

«የጽሑፍ ቋንቋ ከበድ ማለት አለበት»

የግድ አይደለም። በርቀት የሚያስተምረው የብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር ለተማሪዎቹ የታተመ ጽሑፍ በፖስታ ይልክ ነበር። በየመሃሉ ተማሪው ራሱን የሚፈትንባቸው ጥያቄዎች ነበሩት። እኛም ክፍል ውስጥ እንደምናወራው «እስቲ አስሉት» ብለን ብንጽፍ ትምህርቱ ክብደቱን አያጣም።

«የአንድ ሰዓት ሌክቸር በአንድ ሰዓት ይጻፋል»

በፍጹም። ጽፈን ስንጨርስ ኮርሱን ላልወሰደ ሰው እንስጠው። የት ጋ ቆሞ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ይንገረን። እንደገና የሚጻፈው እዚያ ጋ ነው።